መንግሥት በግል ንግድ ውስጥ እስከ የት ይግባ? የሰሜን ሸዋ ነጋዴዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የትናንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ባለሱቆች፣ እህል ሰብሳቢዎች፣ ባለወፍጮዎች፣ አረቄ የሚያወጡ እናቶችም ናቸው። ሐምሌ ሲገባ ጠረጴዛዬ በደረሰኝ ይሞላል፤ ከደረሰኙ ጋር ጥያቄው አብሮ ይመጣል። ደምሬ እስክጨርስ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም። አንዱ «መንግሥት በእኔ ንግድ ምን አገባው?» ይላል። ቀጥሎ የሚገባው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ «መንግሥት እያለ ዘይት እንዴት እንዲህ ይወደዳል?» ይላል። ሁለቱንም በአንድ ጠዋት የሚለኝ ሰውም አለ፤ እኔም አልፈርድበትም። በቃል ስመልስ የኖርኩትን ለሚያነብ እንዲመች እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ መንግሥት ለምን ዝም ብሎ አይተወንም? ገዢና ሻጭ ከተስማማ ሦስተኛ ወገን ምን ያደርጋል?

እንዲህ የሚለኝን ሰው ስለ ሚዛን እጠይቀዋለሁ። ከባሶና ወራና ወረዳ የመጣ ገበሬ ባቄላውን በአህያ ጭኖ ይመጣል። ሰብሳቢው ጆንያውን ሚዛን ላይ ይጥለዋል፤ መርፌው ይወዛወዝና ገና ሳይረጋ «ዘጠና አራት!» ይባላል፤ ጆንያው ወርዶ ክምሩ ውስጥ ይገባል። ገበሬው ቤቱ ያለው ቁና እንጂ ሚዛን አይደለም። ሦስት ኪሎ ተሰርቆ ቢሆን በምን ያውቃል?

እስካሁን የተጎዳው ገበሬው ነው። ነገሩ ግን እዚያ አይቆምም። በኩንታል ሦስት ኪሎ የሚሰርቀው ሰብሳቢ በኪሎ ትንሽ ሳንቲም ጨምሮ «እኔ የተሻለ እገዛለሁ» ማለት ይችላል። ገበሬው ወደ እሱ ይጎርፋል። ጎረቤቱ ያለው ሐቀኛ ሰብሳቢ ወይ ሚዛኑን ማጣመም አለበት፣ ወይ ቤቱን መዝጋት። የሚዛን ፍተሻ ለገበሬው ብቻ የተደረገ ይመስለን ይሆናል፤ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን ላልሰረቀው ነጋዴ ነው። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ እንጀራ ውስጥ ጄሶ የሚጨምሩ ሰዎች ነገርም እንደዚሁ ነው። በዓይን የማይለይን ነገር የሚለይ፣ ከገዢም ከሻጭም ያልሆነ ሰው ያስፈልጋል።

ሌላው ምሳሌ የበሬሳ ወንዝ ነው። ከላይ ያለ ፋብሪካ ዝቃጩን ወንዙ ውስጥ ቢለቅ፣ ከታች አትክልት የሚያጠጣውና ከብቱን ውሃ የሚያወርደው ሰው ከፋብሪካው ጋር ምንም የገዛው የሸጠው የለም። ስለዚህ «ገዢና ሻጭ ከተስማማ» የሚለው ነገር እዚህ አይሠራም፤ ጉዳቱን የሚከፍለው ከስምምነቱ ውጭ ያለ ሰው ነውና።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ሚዛኑን ይፈትሽ። ዋጋውንስ ቢቆርጥልን ምን አለበት? ኑሮው እኮ ከበደን።

ይኼኛው በጣም ብዙ የሚጠየቅ ነው፤ የሚጠይቁትም ባብዛኛው ወር ጠብቀው ደመወዝ የሚቀበሉ ሰዎች ናቸው። ጭንቀታቸው ይገባኛል። መልሴ ግን ከአክስቴ ሱቅ ይጀምራል።

በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ መንግሥት ስኳርና ዘይትን ጨምሮ ከደርዘን በላይ በሆኑ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ያን ጊዜ ከትምህርት መልስ አክስቴ ሱቅ ውስጥ እቆም ነበር። ዝርዝሩ መጣና ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። መጀመሪያ ሰሞን ደስታ ነበር፤ ሰው ወረቀቱን በጣቱ እያሳየ ይገዛል። መደርደሪያው ባዶ ሆነ። አክስቴ አዲስ ዘይት ልታመጣ አከፋፋዩ ጋ ስትሄድ «የለም» ተባለች። አለ፤ ግን በግድግዳው ዋጋ የለም። በሌላ ዋጋ ገዝታ ብትመጣ በኪሳራ ልትሸጥ ነው፣ በትርፍ ብትሸጥ ደግሞ ልትታሸግ ነው። ስለዚህ አልገዛችም። ያቺ ሴት ለደንበኛ «የለም» ማለት እንዴት ያሳፍራት እንደነበር እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ በተለይ እሁድ ማታ ለልጆቿ ወጥ ልትሠራ ግማሽ ሊትር ፈልጋ የምትመጣ ጎረቤት ስትሆን። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዘይት የሚያገኘው በዝምድና ወይም በሰልፍ የሚያገኝ ሰው ሆነ። ወረቀቱ ላይ ያለው ዋጋ ርካሽ ነበር፤ በዚያ ዋጋ የሚሸጥ ግን የለም። ጣሪያው በአብዛኛው ሸቀጥ ላይ የተነሣው ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ነው።

ሽማግሌዎቹ ደንበኞቼ ይኼን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ እነሱ ከዚህ የባሰ አይተዋልና። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ ሰዉ በአጭሩ እሰገድ የሚለው፣ ገበሬውን በኮታ በቁርጥ ዋጋ እህል ያስረክብ ነበር። ፈቃድ ያለው ነጋዴም ከገዛው ላይ ለድርጅቱ የሚሰጠው ድርሻ ነበረው። እህል ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላው እንዳያልፍ ኬላ ይዘጋበታል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የእህል ንግድ ሲለቀቅ ነበር ሰዉ የተነፈሰው። አንድ የመንዝ አባት «ለራሴ ልጅ ገብስ ልወስድ ሌሊት ተጉዣለሁ፣ እንደ ሌባ» ብለውኛል።

ይኼ ማለት መንግሥት ለድሀ ምንም አያድርግ ማለት አይደለም። ዘይት ለማይችል ሰው ማገዝ ከፈለገ ለሰውየው ይስጠው፤ በሸማቾች ማኅበር በኩልም ሆነ በሌላ መንገድ ወጪውን ራሱ ይሸከም። ወጪውን ባለሱቅ ላይ ጥሎ «አረከስኩላችሁ» ማለት ግን ሒሳብ አይደለም። ቢያንስ እኔ የተማርኩት ሒሳብ አይደለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የነዳጅ ዋጋ አሁንም በመንግሥት የሚወሰነው ለምንድን ነው? ማዳበሪያስ?

ነዳጅ በተመን መሸጡ ያልተቋረጠ የቆየ አሠራር ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ዋጋው በየጊዜው ከፍ ብሏል። ማዳበሪያን በመንግሥት በኩል የሚያስገባው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው፤ ገበሬው ጋ የሚደርሰው በዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበራት ነው። በአንድ እጅ መግዛቱ ዋጋ ሊያስቀንስ ይችላል። አንዷ እጅ ስትዘገይ ግን ሁሉም ዘገየ ማለት ነው፤ ሰኔ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። እኔ ብጠየቅ ሁለተኛ በር ቢከፈት እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ግብርስ? በግምት የተጣለብኝ ግብር ከሽያጬ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ እንጀራዬም ስለሆነ፣ ነገሩ የሁሉም ጥያቄ ሥር ስለሆነም።

በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በብዙ ከተሞች የተነሣውን ቅሬታ የማያስታውስ ነጋዴ የለም። ያን ጊዜ በነበረው በአዋጅ 979/2008 መሠረት ደረጃ ሐ ማለት ዓመታዊ ሽያጩ 500,000 ብር ያልሞላ ነጋዴ ነው። እንዲህ አስቡት። ገማቾች ወደ አንዲት ሻይ ቤት በገበያ ቀን ገቡ። ቤቱ ሞልቷል። «በቀን 2,000 ብር ትሸጣለች» ብለው ጻፉ። ማክሰኞ ቢመጡ 800 ባዩ ነበር፤ የዓመቱ አማካይ እንበል 1,200 ነው። በዓመት 300 ቀን ብትሠራ እውነተኛው ሽያጭ 360,000 ነው፣ ደረጃ ሐ። በግምቱ 600,000 ይሆናል፤ ሴትየዋ በአንድ ጉብኝት ወደ ደረጃ ለ ወጣች፣ መዝገብ የመያዝ ግዴታም ተጨመረባት። ገማቾቹ ክፉ ሰዎች መሆን አላስፈለጋቸውም፤ ቅዳሜ መሄዳቸው በቂ ነው። አሁን በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ ደረጃዎቹ ከሦስት ወደ ሁለት ወርደዋል፣ ጣሪያውም ከፍ ብሏል፤ የግምት ጭቅጭቅ ግን ከጠረጴዛዬ ገና አልወረደም።

ከዚህ የተረዳሁትን ልናገር። ነጋዴ ግብር ሲበዛበት ያጉረመርማል፤ ሥራውን ጥሎ የሚሄደው ግን ግብሩ ስንት እንደሆነ ማወቅ ሲያቅተው ነው። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከባድ ነው፤ ግን ይታወቃል፣ ዋጋው ውስጥ ይገባል፣ ይሠራል። ነገ ማን መጥቶ ስንት እንደሚል የማያውቅ ሰው ግን ሁለተኛ ጆንያ አይገዛም፣ ሠራተኛ አይቀጥርም፣ ያለውን ብር መሬት ወይም ዶላር ለማድረግ ያስባል። ስለዚህ «መንግሥት ብዙ ይግባ ወይስ ጥቂት?» ሲሉኝ መልሴ ብዛቱን አይመለከትም። የሚገባበት በር አስቀድሞ ይታወቅ፣ ከገባም በኋላ ስንት እንደሚወስድ ይታወቅ።

ይኼ አዲስ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአንኮበር በታች አልዩ አምባ ትልቅ ገበያ ነበረች፤ ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣው ቅፍለት እዚያ ይራገፍ ነበር፣ የንጉሡ ሰዎችም ቀረጣቸውን እዚያው ይቀበላሉ። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ንጉሡ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል የእንግሊዝ ዕቃ ቀረጥ ከመቶ 5 እንዲሆን ተቆረጠ። እንግሊዞቹ ቀረጡ ይቅር አላሉም፤ ቁጥሩ ይታወቅ ነው ያሉት። ነጋዴ የትም አገር ነጋዴ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ አረቄ ነው የማወጣው። እኔንም መንግሥት ሊቆጣጠረኝ ይገባል?

ይኼን የጠየቁኝ እትዬ ልጆቻቸውን በአረቄ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ቤታቸው ሄጄ አይቻለሁ። ጓሮ ላይ ሦስት እሳት፤ በእያንዳንዱ ላይ ድፍድፍ የሞላ እንስራ፣ አፉ በጭቃ የተለሰነ። ከእንስራው የሚወጣው መቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ማጠራቀሚያ ይወርዳል፤ አረቄው እዚያ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ጭሱ ዓይን ያጠፋል። እትዬ መጀመሪያ የወረደውን በጣታቸው ነክተው እሳት ላይ ጠብ ያደርጉታል፤ በሰማያዊ ነበልባል ቦግ ካለ «ይኼ ነው» ይላሉ። መለኪያቸው ይኼው ነው፤ ደንበኞቻቸውም ለዓመታት በዚሁ መለኪያ አምነዋቸው ጠጥተዋል።

መልሴ፦ አዎ፣ ግን በልኩ። አረቄ ላይ ዋናው አደጋ ከእህል በወጣው ላይ አይደለም፤ አንዳንድ ሰው ለማብዛት ሲል የፋብሪካ አልኮል የሚቀላቅልበት ላይ ነው፤ ያ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ስለዚህ ናሙና መርማሪ ቢኖር የሚጠቀሙት እትዬ ራሳቸው ናቸው፤ ልክ እንደ ሐቀኛው እህል ሰብሳቢ። ነገር ግን ለትልቅ ፋብሪካ የተጻፈውን መስፈርት፣ የሴራሚክ ግድግዳውን፣ የባለሙያ ቅጥሩን፣ የሕንፃ ፕላኑን በሙሉ በሦስት እንስራ ላይ ብትጭን አረቄው አይቀርም፤ ወደ ሌሊት ይሄዳል። ሌሊት የሚወጣን አረቄ ደግሞ ማንም አይመረምረውም። ለትንሹ ትንሽ መስፈርት ያስፈልገዋል፦ ንጹሕ ውሃ፣ የማይዝግ ዕቃ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ናሙና። ሌላውን ሥራው ሲያድግ ይጠየቅ።

ጥያቄ፦ መንግሥት ራሱ ቢነግድስ? ፋብሪካ ቢኖረው ለሕዝብ አይጠቅምም?

ደርግ ይኼን ሞክሯል። በጥር 1967 ዓ.ም. 72 ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ ተወረሱ፤ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ተወርሰው ነበር። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የግል ካፒታል ጣሪያ ወጣ፤ በችርቻሮ 200,000፣ በጅምላ 300,000፣ በኢንዱስትሪ 500,000 ብር። ከዚያ በላይ ማደግ ወንጀል ሆነ ማለት ነው። የማያድግ ንግድ ማን ይሠራል? ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው የግል ባንክ የተከፈተው በ1987 ዓ.ም. ነው።

ያም ሆኖ መንግሥት ሁሉን ይሽጥ የሚሉኝንም አልከተልም። መንገድ፣ የመብራት መስመር፣ ውሃ፣ እነዚህን ነጋዴ ብቻውን አይሠራቸውም፤ ሠርቶ ሁሉንም ተጠቃሚ ሊያስከፍል አይችልማ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቢራ ፋብሪካውም ኢንዱስትሪ ፓርኩም ወደዚህ የመጣው መንገዱና መብራቱ ስላለ ነው። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ የእኔ ባለወፍጮ ደንበኛ እህሉን ደርድሮ ቁጭ ነው። መንግሥት ብቻውን የያዘው አገልግሎት ላይ እውነቱ ይኼ ነው፤ ሲጠፋ ሌላ መሄጃ የለህም። ስልክን እዩ። ከመስከረም 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሁለተኛ ድርጅት አገር አቀፍ አገልግሎት ጀመረ፤ አሁን ኪሴ ውስጥ ሁለት ሲም አለ፣ አንዱ ሲያስቸግር ወደ ሌላው እዞራለሁ። የመንግሥቱ ድርጅት አልተዘጋም። እንዲያውም ነቃ ያለ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ትልቁ ነጋዴ ትንሹን ሲውጥ መንግሥት ምን ያደርጋል?

በወረቀት ላይ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 አለ። ተስማምቶ ዋጋ መወሰንን፣ የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን ይከለክላል፤ ዋጋ መለጠፍንና ደረሰኝ መስጠትንም ያዝዛል። ይኼን ይከታተል የነበረው ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ 1263/2014 ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገብቷል። በተግባር እኛ ዘንድ የሚታየው ቁጥጥር ባብዛኛው ችርቻሮ ሱቅ ላይ ነው፤ ሱቅ መንገድ ዳር ነው፣ ለማሸግ ይቀላል። ሁለትና ሦስት ሆነው የአንድ ወረዳን ሽንኩርት የሚገዙ ሰዎች ግን መንገድ ዳር አይቀመጡም። ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት ያመረተ ሰው ይኼን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ ሽንኩርት እንደ ማሾ ደረጃ ወጥቶለት በምርት ገበያ አይሸጥም፣ አይቆይም፣ ደላላው ያለው ዋጋ ነው።

ጥያቄ፦ ሱቄ ከተማ ውስጥ ነው፣ እህል የምገዛው ደግሞ ገጠር ወረዳ ላይ። ለማን ነው የምታዘዘው?

ለሁለቱም፣ አዝናለሁ። ደብረ ብርሃን ራሱን የቻለ የከተማ አስተዳደር ነው፤ ዙሪያው ያለው ወረዳ በዞኑ ሥር ነው። ከሁለቱም ቢሮ የተጻፈ ነገር ያዙ። ሁለቱ ተነጋግረዋል ብላችሁ አታስቡ።

ጥያቄ፦ በዘመቻ መጥተው አሸጉኝ። ምን ላድርግ?

አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ሆኖ መጣ። የትኛው ከተማና የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም። ሱቁ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ላይ ማኅተም አለ፣ ምክንያት የለም። «ምን አጠፋሁ?» ሲል «ቢሮ ና» ተባለ፤ ቢሮ ሲሄድ «የለጠፈው ቡድን ነው የሚያውቀው» ተባለ። ቡድኑ ዘመቻውን ጨርሶ ተበትኗል። አሥራ አንድ ቀን ተዘጋ፤ ውስጥ የነበረው ቲማቲም ምን እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ።

ያደረግነው ይኼ ነው። በመጀመሪያ የንግድ ፈቃዱ መታደሱን አየን፤ ዕድሳት ያለ ቅጣት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ እሱ በጊዜው አድሶ ነበር፣ ተመስገን። ከዚያ በጽሑፍ ማመልከቻ አስገባን፤ «የታሸግኩበት ምክንያትና የተጣሰው አንቀጽ በጽሑፍ ይሰጠኝ» የሚል፣ አንድ ገጽ ያልሞላ። ቅጂው ላይ «ደረሰ» የሚል ፊርማና ቀን አስደረግን። ወሳኙ እሷ ቅጂ ናት፤ በቃል የሚመልሱላችሁ ሰዎች ፊርማ ሲጠየቁ ነገሩን እንደገና ያስቡታል። ጉዳዩ የግብር ከሆነ ደግሞ ቀን ቁጠሩ። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 መሠረት ውሳኔው በደረሳችሁ በ21 ቀን ውስጥ ነው ቅሬታ የሚቀርበው፤ ለክልል የምትከፍሉ የክልሉን አዋጅ ጠይቁ። ከሃያ አንዱ ቀን አሥሩን በማዘን የሚያሳልፉ ሰዎች አውቃለሁ።

እሱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተከፈተለት። ምክንያቱ እስካሁን በጽሑፍ አልተሰጠውም፤ ማመልከቻው ግን ፋይሌ ውስጥ አለ፣ ፊርማው ከነቀኑ።